ዕጣና ወራጅ ቀጠና

በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ በአዲስ አበባ፣ አራዳ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ የአሜሪካን ፉትቦል ክለቦች ባለቤቶች ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾችን ለመጀመሪያ ጊዜ በተራ ተከፋፈሉ። ሐሳቡን ያመጣው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። ጎበዝ ወጣት ሁሉ ገንዘብና ስም ወዳላቸው ክለቦች ስለሚሄድ የእሱ ደካማ ቡድን ከዓመት ዓመት ደካማ ሆኖ ይቀር ነበር። መፍትሔው አጭር ነበር፦ በውጤት መጨረሻ የወጣው ቡድን ቀድሞ ይምረጥ፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይምረጥ። ሁለቱ ክስተቶች እርስ በርስ አይገናኙም። ይሁን እንጂ የተሸነፈ ቡድን እንዴት ይነሣል ለሚለው ጥያቄ ሁለቱ አገሮች ከዚያ ወዲህ የሰጡት መልስ ፍጹም ተቃራኒ ሆነ። የኢትዮጵያው መልስ ደግሞ አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታንና ለገጣፎን በደንብ ፈትኗቸዋል።

የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ የቤልን ሐሳብ የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድ ክለብ በአካባቢው ያደገን ተጫዋች ከተራው ውጪ የመውሰድ መብት ነበረው፤ ተመልካች እንዲመጣለት ነው። ይህ ቀርቶ ከ1966 ጀምሮ የሁለቱ ምድቦች የመጨረሻ ቡድኖች የመጀመሪያውን ምርጫ በሳንቲም ይጣጣሉበት ጀመር። በሳንቲሙ ዘመን በብዛት የሚወራው የ1979ኙ ነው። ቺካጎ ቡልስና ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተፋጠጡ። ሌከርስ ግን ደካማ ቡድን አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ከኒው ኦርሊንስ ጃዝ ጋር ባደረገው ስምምነት የዚያን ክለብ ምርጫ በእጁ አስገብቶ ነበር፣ በ1979 ደግሞ መጨረሻ የወጣው ጃዝ ሆነ። ቡልስ ደጋፊዎቹን ጠይቆ በእነሱ ድምፅ «ሰው» አለ። ሳንቲሙ በሌላው ፊቱ ወደቀና ማጂክ ጆንሰን ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ደጋፊ በዕጣ ጉዳይ ድምፅ የሰጠበት፣ ከዓመታት በፊት የተፈረመ ልውውጥም የአንድን ሊግ ታሪክ የቀየረበት አጋጣሚ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ልውውጥን የሚከራከር ደጋፊ ሁሉ ስለዛሬው ተጫዋች ብቻ ሳይሆን ስለሩቁ ዓመት ምርጫም መጨነቅ ነበረበት።

ሳንቲሙ ችግር ነበረው። መጨረሻ መውጣት ሽልማት ካለው፣ ማሸነፍ የማይፈልግ ቡድን ይፈጠራል። በ1984 ሂውስተን ሮኬትስ በውድድሩ ማብቂያ ሆን ብሎ ይሸነፋል ተብሎ ተወቀሰ። በሳንቲሙ አሸንፎም የሌጎሱን ልጅ አኪም ኦላጁዎንን ወሰደ። ሊጉ በማግስቱ ዓመት አዲስ ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 1985 ኒው ዮርክ፣ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ውስጥ፣ ሰባት ትልልቅ ፖስታዎች በሚያሳይ ክብ በርሜል ውስጥ ገብተው ተሽከረከሩ። ሰባቱ ለጥሎ ማለፍ ያልደረሱ ቡድኖች እኩል ዕድል ነበራቸው። የሊጉ ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን እጁን አስገብቶ ያወጣው ፖስታ የኒው ዮርክ ኒክስ ሆኖ ተገኘ፤ ሽልማቱ ፓትሪክ ዩዊንግ ነበር። ያ ፖስታ አስቀድሞ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ እጅ እንዲለየው ተደርጓል የሚለው ወሬ ማስረጃ ባይገኝለትም ከአርባ ዓመት በኋላም አልሞተም። በውጤት ከሁሉም በታች ከነበሩት ሁለት ቡድኖች አንዱ የነበረው ጎልደን ስቴት ግን ሰባተኛ ሆኖ መረጠ። እኩል ዕድል ለደካማው ፍትሕ እንዳልሆነ በአንድ ቀን ታየ። ሊጉ በ1987 ዕጣውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ምርጫዎች ብቻ ወሰነው፤ በ1990 ደግሞ ዕድሉን እንደ ውጤቱ አበላለጠው። ለአሥራ አንድ ቡድኖች 66 ኳሶች ተዘጋጁ፣ መጨረሻ ለወጣው 11፣ ከሁሉ ለሚሻለው አንድ።

በ1993 ያ አንድ ኳስ ወጣ። ባለቤቱ 41 አሸንፎ 41 የተሸነፈው ኦርላንዶ ማጂክ ነበር፤ ክለቡ ሻኪል ኦኒልን የወሰደው ገና ባለፈው ዓመት ዕጣ ነው። ኦርላንዶ ክሪስ ዌበርን መረጠና ወዲያውኑ ለጎልደን ስቴት ሰጥቶ በምትኩ አንፈርኒ ሃርዳዌይንና ሦስት የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ተቀበለ። ሊጉ በዚያው ዓመት መገባደጃ ቀመሩን እንደገና ጻፈው። ዛሬም የሚሠራበት ማሽን የዚያን ጊዜ ነው፦ ከ1 እስከ 14 የተቆጠሩ ኳሶች ይገባሉ፣ ማሽኑ 20 ሰከንድ ካማሰላቸው በኋላ የመጀመሪያው ይወጣል፣ ቀሪዎቹ ሦስቱ በየ10 ሰከንዱ ይከተላሉ። አራት ኳሶች ቅደም ተከተላቸው ሳይቆጠር 1,001 ዓይነት ጥምረት ይሰጣሉ፤ አንዱ ይሰረዝና 1,000ው ለቡድኖቹ ይከፋፈላል። በ1993ቱ ማሻሻያ መጨረሻ ለወጣው ቡድን 250 ደረሰው፤ ማለትም ከአራት አንድ ዕድል። የደጋፊው ክርክርም ከዚህ በኋላ የሒሳብ ክርክር ሆነ።

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ የለም። የአሁኑ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የተከተለው የዓለም እግር ኳስን የቆየ ሥርዓት ነው፤ ከላይ ያለው ዋንጫ ያነሣል፣ ከታች ያለው ይወርዳል፣ በምትኩ ከሥር ያለው ያድጋል። ዕጣ የሚወጣው ለጨዋታ መርሐ ግብር ብቻ ነው። ክለቦቹን የሚያስተዳድሯቸው በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሮች፣ የመንግሥት ድርጅቶችና ተቋማት ናቸው፤ ገንዘቡ በየዓመቱ ከበጀት ይመጣል። የተጫዋች ውል ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር የቡድኑ ግማሽ ውሉን ይጨርስና ገበያው ይደራል። አንዱ ክለብ ያፈረሰውን ሌላው ይሰበስባል።

የልዩነቱ ፍሬ ነገር ጊዜ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ወጣት ለአራት ዓመት ያህል በታወቀ ደመወዝ በክለቡ እጅ ይቆያል። ክለቡ ስንት ጊዜ ቢሸነፍ ከሊጉ አይወጣም። መልሶ ግንባታ የሚባለው ነገር የቆመው በእነዚህ ሁለት ዋስትናዎች ላይ ነው። የኢትዮጵያ አዲስ አዳጊ ክለብ አንዱም የለውም። ልጆቹ በዓመቱ ሊሄዱበት ይችላሉ፣ እሱም በዓመቱ ሊወርድ ይችላል።

የአሜሪካው ዋስትና እስከምን ሊለጠጥ እንደሚችል ያሳየው ፊላደልፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 የተሾመው የከተማዋ ቅርጫት ኳስ ክለብ የሴቨንቲ ሲክሰርስ ሥራ አስኪያጅ ሳም ሂንኪ ገና በመጀመሪያው የወጣቶች ምርጫ (ድራፍት) ምሽት ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠውን ጅሩ ሆሊዴይን አሳልፎ ሰጠ። በለውጡ ጉልበቱ የተጎዳ ወጣትና የሚቀጥለውን ዓመት ምርጫ ተቀበለ። ቡድኑ በተከታታይ 19፣ 18 እና 10 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ፤ ዓመቱ 82 ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 26 ጨዋታ አከታትሎ ተሸንፏል። ደጋፊው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን መካከለኛ ሆኖ መኖር ከመጨረሻነት የባሰ ነው፣ ሂደቱን እንመን አለ። ሌላው ትኬት ገዝቶ የሚመጣ ሰው ሽንፈት እንዲያይ መጋበዝ ክህደት ነው አለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ሂንኪ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ሥራውን ለቀቀ። በ2014 የመረጠው ካሜሩናዊው ጆኤል ኢምቢድ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑ ግን በእሱ ዘመን አንድም ጊዜ ለፍጻሜ አልደረሰም። ሊጉ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 በ28 ለ1 ድምፅ፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ፣ የዕጣውን ዕድል እንደገና ዝቅ አደረገው።

ያ ድምፅ የተሰጠው በኢትዮጵያ 2010 ዓ.ም. በገባበት ወር ነው። በዚያ ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከከፍተኛ ሊጉ ባደገበት የመጀመሪያ ዓመት የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበር። በአሜሪካ ሥርዓት እንዲህ ያለ ነገር የማይታሰብ ነው፤ ከታች የሚመጣ ቡድን የለምና። የኢትዮጵያው ሥርዓት ትልቁ ውበቱም ይህ ነው፣ መንገዱ ለማንም ክፍት ነው። ጅማ ግን ያገኘውን ሊይዘው አልቻለም። አሰልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደና በ2011 ዋንጫውን ከእነሱ ጋር ደገመው።

2011 ዓ.ም. ሁለቱ መንገዶች በግልጽ የሚነጻጸሩበት ዓመት ነው። ግንቦት 6 ቀን በአሜሪካ አዲሱ ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራበት። ሦስቱ የመጨረሻ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ብቻ ነበራቸው፣ በዕጣ የሚወጡት ምርጫዎችም አራት ሆነዋል። 6 በመቶ ዕድል የነበረው ኒው ኦርሊንስ አሸነፈና ዛየን ዊሊያምሰንን ወሰደ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ ያለችው የፋብሪካ ከተማ ሰበታ የራሷን ደስታ አገኘች። ሰበታ ከተማ የከፍተኛ ሊጉን ምድብ አንድ በአንደኝነት ጨርሶ ከወልቂጤ ከተማና ከሀዲያ ሆሳዕና ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። በነሐሴ ደግሞ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋቾች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የሕዝብ በጀት ለፊርማና ለደመወዝ እየፈሰሰ መሆኑ ያሳሰባቸው ብዙዎች ውሳኔውን ደገፉት፤ ተጫዋቾች ተቃወሙት። ጣሪያውን በጓሮ በር የሚያልፉ ክለቦች አሉ የሚለው ወቀሳም ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ተነሥቷል።

አዲስ አዳጊ ክለብ ባለበት ከተማ ሁሉ ክረምቱን የሚከርመው ክርክር አንድ ነው። ቡድኑን ያሳደጉት ልጆች ይቆዩ ወይስ ሊጉን የሚያውቅ ተጫዋች ይምጣ? የመጀመሪያው ወገን ውለታንና ውህደትን ያነሣል። ሁለተኛው ልምድ ስለሌላቸው በአንድ ዓመት ተመልሰው የወረዱ ክለቦችን ስም ይዘረዝራል። ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ሁለተኛውን ነው፤ የመውረድ ፍርሃት ለትዕግሥት ቦታ አይሰጥምና። ሰበታም የመጀመሪያ ዓመቱን በታወቀ ስም፣ በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ ጀመረ።

ያ ዓመት አላለቀም። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ውድድሩ በሚያዝያ 2012 መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮን አልተባለም፣ የወረደም ያደገም የለም። ለአዲስ አዳጊዎች ይህ ያልተጠበቀ ስጦታ ነበር፤ በሕግ ያልነበራቸውን አንድ ዓመት ወረርሽኝ ሰጣቸው። ሰበታ ግን ያን ዓመት የጀመረበትን አሰልጣኝ ይዞ አልቀጠለም። በመስከረም 2013 ፌዴሬሽኑ ውበቱ አባተን የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ አደረገው። ሰበታ በምትኩ ያመጣው ከብሔራዊ ቡድኑ የተለየውን አብርሃም መብራቱን ነበር። ስምምነት ያልተፈረመበት ቢሆንም ውጤቱ ልውውጥ ነው፤ አገሪቱና አንዲት የፋብሪካ ከተማ አሰልጣኝ ተለዋወጡ። አገሪቱ ከልውውጡ በስድስት ወር ተጠቀመች፣ ዋሊያዎቹ በመጋቢት 2013 ከስምንት ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ።

በታኅሣሥ 2013 ሊጉ በአዲስ መልክ ጀመረ። የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከደቡብ አፍሪካው የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር የአምስት ዓመት ውል ገብቶ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ይተላለፉ ጀመር። በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ሦስቱ የክልሉ ክለቦች ስላልነበሩ ተወዳዳሪዎቹ 13 ብቻ ነበሩ፣ በየሳምንቱ አንዱ ያርፋል። ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጥቂት ሳምንት ይጫወቱና ወደሚቀጥለው ይዛወራሉ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ለሰበታ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ክለቡ በታሪኩ ትልቅ በተባለበት ጊዜ በከተማው አይጫወትም፤ ደጋፊው ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ፣ ባዶ መቀመጫ በበዛበት ስታዲየም የሚጫወተውን ቡድኑን የሚያየው ዲኤስቲቪ ባለበት ቤት ተጠጋግቶ ተቀምጦ ነው። የሜዳው ገቢ የለም፣ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩት ልምምድም ለወራት የለም። የቴሌቪዥኑ ውል ለሊጉ ገንዘብና ክብር አምጥቷል። ክለብን ከከተማው የሚያስተሳስረውን ክር ግን አሳስቶታል፣ ይህን ጉዳት ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚሸከሙት ገና ሥር ያልሰደዱት አዲስ አዳጊዎች ናቸው።

በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሣ፣ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያመራው እሱ ነው። ሰበታ በሊጉ ቆየ። ጅማ ከወራጆቹ ሦስት አንዱ ነበር፤ የትግራይ ክለቦችን ቦታ ለመሙላት ሐዋሳ ላይ በተደረገው ተጨማሪ ውድድር ተረፈ። ሊጉ በ2014 ወደ 16 ክለብ ሲመለስ መትረፊያው አበቃ። በዓመቱ መጨረሻ ሰበታ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና አዲስ አበባ ከተማ አብረው ወረዱ። ከአራት ዓመት በፊት የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበረ ክለብና ብሔራዊ አሰልጣኝ ያበረከተ ክለብ በአንድ ሰኔ ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሱ። አሜሪካ ቢሆን ሦስቱ ቡድኖች በግንቦት ወር የተሻለውን ዕጣ ይዘው ይቀመጡ ነበር።

ሌሎቹ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ቡራዩና ሱሉልታ እስከዚህ ከፍታ አልደረሱም። የሁለቱም ክለቦች ታሪክ በታችኛዎቹ ሊጎች የሚነገር ነው። ሱሉልታ በስፖርት ስሟ የሚጠራው በሌላ ምክንያት ነው፤ ከፍታዋና ሜዳዋ ከዓለም ዙሪያ ሯጮችን ይስባሉ፣ ቀነኒሳ በቀለም የሩጫ መም ሠርቶባታል። ሩጫ ላይ ለዓመታት የምትታገሠው ሱሉልታ በእግር ኳስ ያን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ሥርዓት አልገጠማትም።

ሰበታ በወረደበት ክረምት ሌላዋ የዙሪያው ከተማ አደገች። ለገጣፎ ለገዳዲ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክና ከኢትዮጵያ መድን ጋር ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። ቆይታው አንድ ዓመት ነበር፤ በ2015 መጨረሻ ከኤሌክትሪክና ከአርባ ምንጭ ከተማ ጋር ወረደ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ክልል መንግሥት ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ሌሎችንም አንድ አድርጎ ሸገር ከተማ ብሎ አደራጃቸው። ለየብቻቸው በጀት ይመድቡ የነበሩ አስተዳደሮች በአንድ ማዕከል ሥር ገቡ። ክለቦቻቸው የተንጠለጠሉበት መሠረትም አብሮ ተለወጠ።

የአሜሪካው ዕጣ በዚያው 2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈረንሳዊውን ቪክቶር ዌምባንያማን ለሳን አንቶኒዮ ሰጠ። ከሁሉም በታች የነበረው ዲትሮይት ወደ አምስተኛ ወረደ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ 28 ጨዋታ አከታትሎ ከተሸነፈ በኋላ፣ እንደገና አምስተኛ ሆነ። ዕጣ ሁለት ጊዜ የካደው ይህ ቡድን የያዛቸውን ወጣቶች አልበተነም፤ በ2024–25 ውድድር 44 ጨዋታ አሸንፎ ለጥሎ ማለፍ ደረሰ። በተቃራኒው ዳላስ በየካቲት 2025 የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ለሌከርስ ሰጠና ደጋፊው በስታዲየሙ በር ተሰልፎ አለቀሰ። በግንቦት፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ገደማ፣ 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ የነበረው ያው ዳላስ ዕጣው ወጣለትና ኩፐር ፍላግን መረጠ። የቀመሩ ተከራካሪዎች ዛሬም አልተስማሙም።

በኢትዮጵያ ያ ዓመት 2017 ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር ያደገው ኢትዮጵያ መድን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከላይኛው ሊግ ርቆ ዓመታት ያሳለፈ ክለብ ነው፤ ሲመለስ በፕሪሚየር ሊጉ በገብረመድህን ኃይሌ እየሠለጠነ ዘለቀ፣ አሰልጣኙን በየክረምቱ አልቀየረም። ገብረመድህን በ2010 ከጅማ፣ በ2011 ከመቐለ ጋር ያነሣውን ዋንጫ በሦስተኛ ክለቡ አነሣ።